መዝገቡ ተዘግቷል

በአገራችን ችሎት የቆመ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ፍርዱ ይነበባል፣ ወጪና ኪሳራው ይነገራል፣ መጨረሻ ላይ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ይባላል። ለዳኛው ሥራው አለቀ። ለባለጉዳዩ ግን ገና ነው። የተፈረደለትን ነገር እጁ ለማስገባት ሌላ መዝገብ ማስከፈት አለበት፤ የአፈጻጸም መዝገብ የሚሉትን። መሬት ተከራክሮ የረታ የጉና ገበሬ፣ ፍርድ ማግኘትና መሬት ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከማንም የሕግ ምሩቅ ባላነሰ ያውቃል።

ይህ ጽሑፍ 27 ዓመት ሙሉ ተከፍቶ ስለቆየ አንድ የአፈጻጸም መዝገብ ነው። መዝገቡ የተከፈተው ደብረ ታቦር አይደለም፤ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ በስተምሥራቅ ባለው ዲካልብ ካውንቲ ነው። በሕግ ተለያይተው የነበሩት የጥቁርና የነጭ ልጆች ትምህርት ቤቶች አንድ መሆናቸውን ፍርድ ቤቱ ይከታተል ነበር። ከዚያ አንድ ቀን «ይበቃል» ተባለ። «ይበቃል» የተባለበት ምክንያት ነው እኔን የያዘኝ።

እኔ ፕሮግራመር ነኝ፤ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ እንጂ ሕግ አይደለም። ዲካልብንም የማውቃት በስልክ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ትኖራለች። እሷ ብቻ አይደለችም። አትላንታና ዙሪያው ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በተለይ ክላርክስተን የምትባለው ትንሽ ከተማ ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ መግቢያ በር ናት። ክላርክስተን ያለችው ዲካልብ ውስጥ ነው። ስለዚህ የዛሬዎቹ የእኛ ልጆች የሚማሩት ያ መዝገብ በተዘጋባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

*

ነገሩ ከብራውን ይጀምራል። ግንቦት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. (ሜይ 17፣ 1954) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ልጆችን በቆዳ ቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። ዋናው ተከራካሪ ጠበቃ ቴርጉድ ማርሻል ይባላል፤ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሩቅ ነው። ከውሳኔው በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት ዋሽንግተን ገቡ፤ ያው ሃዋርድ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ሃዋርድ ለኛም እንግዳ ቤት አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያስተባበሩት ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያው ነው።

ግን ፍርድ ሌላ፣ አፈጻጸም ሌላ። ፍርድ ቤቱ ራሱ ይህን ስላወቀ በ1955 ሁለተኛ ውሳኔ ሰጠ። በዚህ ውሳኔ የማዋሃዱን ሥራ የየአካባቢው ትምህርት ቦርዶች እንዲሠሩት፣ በየአካባቢው ያሉ የፌዴራል ዳኞች ደግሞ እንዲከታተሉት አዘዘ። የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። በአገራችን «በአስቸኳይ» ተብሎ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ምን እንደሚሆን የምታውቁት ነው። እዚያም እንደዚያው ሆነ። በአትላንታ ከተማ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች የነጮች ትምህርት ቤት የገቡት በ1961 ነው። ዘጠኝ ልጅ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ።

ቀጥሎ ብዙ የደቡብ ግዛቶች አንድ ዘዴ አመጡ፤ «የምርጫ ነፃነት» የሚባል። ማንም ልጅ የፈለገበት ይመዝገብ፤ ማንም አይከለከልም። በወረቀት ላይ ምን እንከን ይወጣለታል? በተግባር ግን አንድም ነጭ ልጁን ወደ ጥቁሮች ትምህርት ቤት አይልክም፤ ጥቁሩም ልጁን ብቻውን ወደማያውቀው ግቢ ለመላክ ሥራውንና ደኅንነቱን ማስያዝ አለበት። በ1968 በቨርጂኒያ ኒው ኬንት በምትባል ትንሽ ካውንቲ ጉዳይ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ዘዴ ጣለው። በሩን መክፈት አይበቃም አለ፤ የለያየው ቦርድ ራሱ ማዋሃድ አለበት፤ ሥር መሰረቱን ነቅሎ።

ለዚህም ዳኞች የሚመዝኑባቸው ስድስት ነገሮች ወጡ፦ ተማሪዎች የት እንደሚመደቡ፣ መምህራን፣ ሌሎች ሠራተኞች፣ መጓጓዣ፣ ከክፍል ውጭ ያሉ እንቅስቃሴዎች፣ ሕንፃና መገልገያ። እንደኔ ዓይነት ሰው ይህን ሲያይ ቼክሊስት ነው የሚታየው። ስድስቱም ላይ ምልክት ሲደረግ ሥርዓቱ «አንድ ሆኗል» ይባላል፤ መዝገቡም ይዘጋል።

*

ከኒው ኬንት ውሳኔ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ የዲካልብ ጥቁር ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ከሰሱ። በ1969 ቦርዱና ወላጆቹ ተስማምተው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጣ። ለጥቁሮች ተብለው በሕግ ተለይተው የነበሩት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ልጆቹ በየሰፈራቸው ባሉት በሌሎቹ ተመደቡ። ያን ጊዜ ከካውንቲው ተማሪዎች ጥቁሮቹ 5.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትንሽ ቁጥር ነው፤ ሥራውም ቀላል መሰለ።

ከዚያ ሕዝቡ ተንቀሳቀሰ። ከ1975 እስከ 1980 ባሉት አምስት ዓመታት ብቻ 64,000 ገደማ ጥቁሮች፣ አብዛኞቹ ከአትላንታ ከተማ፣ ወደ ዲካልብ ደቡባዊ ክፍል ገቡ። በዚያው ጊዜ 37,000 ገደማ ነጮች ከደቡቡ ወጥተው ወደ ጎረቤት ካውንቲዎች ሄዱ። በ1986 የጥቁር ተማሪው ድርሻ 47 በመቶ ደርሶ ነበር። ሰሜኑ ነጭ፣ ደቡቡ ጥቁር ሆነ። ከጥቁር ተማሪዎቹ ግማሹ፣ ከመቶ ተማሪ ከ90 በላዩ ጥቁር በሆነበት ትምህርት ቤት ይማር ነበር።

ቦርዱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የእሱ ዘር በሚበዛበት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ፣ ወደሚያንስበት መዛወር የሚችልበት ፕሮግራም ከፍቶ ነበር፤ ጥቂት ሺህ ልጆች ተጠቀሙበት። ከ70,000 በላይ ተማሪ ባለበት ካውንቲ ግን ጥቂት ሺህ ጥቂት ነው።

በ1986 ቦርዱ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ጨርሰናል፤ መዝገቡ ይዘጋልን» አለ። በ1988 የወረዳው የፌዴራል ዳኛ መልስ ሰጡ፤ ከፊሉን አዎ፣ ከፊሉን የለም። በተማሪ ምደባ፣ በመጓጓዣ፣ በሕንፃ፣ ከክፍል ውጭ ባሉ እንቅስቃሴዎች ጨርሳችኋል፤ በመምህራን ምደባና በትምህርት ጥራት ግን አልጨረሳችሁም። ልምድ ያላቸውና ዲግሪያቸው ከፍ ያለው መምህራን ነጮች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ተከማችተዋል፤ ለአንድ ተማሪ የሚወጣውም ገንዘብ ነጮች በሚበዙበት ይበልጣል። ስለዚህ በቀረው እከታተላለሁ፣ ባለቀው እጄን አወጣለሁ አሉ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ይህን አልተቀበለም፦ ስድስቱም አንድ ላይ ካልተሟሉ አንዱም አልተሟላም፤ ቦርዱ አውቶቡስም ሆነ የክልል ለውጥ ተጠቅሞ ልጆቹን ማቀላቀል አለበት አለ። ጉዳዩ ዋሽንግተን ደረሰ።

*

እዚህ ላይ አንድ የጊዜ ግጥምጥሞሽ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዲካልብን ክርክር የሰማው በ1991 ኦክቶበር ነው። ያው ቴርጉድ ማርሻል፣ ብራውንን የረታው ጠበቃ፣ ከ1967 ጀምሮ የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ቆይቶ ጡረታ የወጣው ከክርክሩ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ወንበሩ ባዶ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በኦክላሆማ ሲቲ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ፣ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 ሆኖ ክትትል ሲፈጠር ጀምሮ ጊዜያዊ ነበር ብሎ ወስኗል። ማርሻል ከሦስቱ አንዱ ሆኖ የልዩነት ሐሳቡን ጽፎ ነበር፤ በአንድ ዘር ብቻ የተሞሉ ትምህርት ቤቶች እስካሉ፣ ማስቀረት እስከተቻለም ድረስ፣ ሥራው አላለቀም የሚል።

መጋቢት 22 ቀን 1984 ዓ.ም. (ማርች 31፣ 1992) ውሳኔው ወጣ። ስምንቱም ዳኞች የይግባኙን ፍርድ ሻሩት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ ናቸው። ፍሬ ነገሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፍርድ ቤት ክትትሉን ቀስ በቀስ፣ ባለቀው ባለቀው ላይ መተው ይችላል። ሁለተኛውና ከባዱ፣ የቀረው መለያየት ከመንግሥት የድሮ በደል የመጣ ሳይሆን ሰዎች በራሳቸው ምርጫ ቤት ከመቀየራቸው የመጣ ከሆነ፣ ሕገ መንግሥቱ አይመለከተውም።

ለክትትል ማብቃት የሚቀርበውን ክርክር በንቀት ማለፍ አልፈልግም፤ ጠንካራ ክርክር ነው። ዳኛ ያልተመረጠ ሰው ነው። የአውቶቡስ መስመርና የመምህር ዝውውር ሲያጸድቅ ሃያ ዓመት መኖር የለበትም። ወላጅ የሚጮኸው ቦርዱ ላይ መሆን አለበት፤ ቦርዱም «ዳኛው አዘዘን» እያለ ማምለጥ የለበትም። በሥራዬ እንኳ አይቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ መስመር ኮዱ ሌላ ሰው ሳያጸድቀው የማያልፍለት ልጅ ኃላፊነት መውሰድ አይለምድም። ጠባቂ ዕድሜ ልክ ከሆነ ተጠባቂው አያድግም። ይኼ እውነት ነው።

ችግሩ ያለው ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። ጥያቄው «ልጆቹ ተለያይተዋል ወይ?» ከሚለው «ማን ለያያቸው?» ወደሚለው ዞረ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ክፍል ገብቶ መቁጠር ይበቃል። ለሁለተኛው ግን የሃያ ዓመት ታሪክ ተቆፍሮ፣ የዚህ ሰው መልቀቅ በዚያ ውሳኔ ምክንያት ነው ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። ጊዜ በሄደ ቁጥር ማስረጃው ይደበዝዛል። ባለዕዳው ዝም ብሎ ቢቆይ እንኳ ዕዳው በራሱ ያልቃል ማለት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንላለን፤ ፍርድ ቤት ግን በማስረጃ እንጂ በተወጋው ትዝታ አይፈርድም።

ዳኛ ሃሪ ብላክመን ይህን አይተውት ነበር። በውጤቱ ተስማምተው፣ ሁለት ዳኞችም ተቀላቅለዋቸው፣ ለብቻቸው ጻፉ። ሰው ቤት የሚመርጠው ትምህርት ቤት አይቶ ነው፤ ትምህርት ቤት የት እንደሚሠራና ወሰኑ የት እንደሚያልፍ የሚወስነው ደግሞ ቦርዱ ነው፤ ስለዚህ «ምርጫ» የተባለውን ከማመን በፊት የቦርዱ እጅ እንዳለበት ይመርመር የሚል ነው ሐሳባቸው። ሰዎች በነፃነት ሄዱ ሲባል በማን መንገድ ላይ ሄዱ ብሎ መጠየቅ ነው።

*

በ1996 የዲካልብ መዝገብ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ክሱ ከተመሠረተ 28፣ ትእዛዙ ከወጣ 27 ዓመት ሆኖት።

በሌሎች ከተሞችም መዝገቦቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ከተዘጋ በኋላ ምን ሆነ? በ2012 የስታንፎርዱ ሾን ሪርደንና ባልደረቦቹ ከክትትል የተለቀቁ ወረዳዎችን አጥንተው፣ ከተለቀቁ በኋላ የጥቁርና የነጭ ተማሪዎች መለያየት ቀስ በቀስ፣ ዓመት በዓመት እንደጨመረ አሳዩ። በአንድ ሌሊት የፈረሰ ነገር የለም። ጣሪያ ሲያፈስ እንደሚሆነው ነው፤ አንድ ክረምት ሳይሆን አሥር ክረምት።

ሁሉም ወረዳ ደግሞ መለያየቱን ፈልጎት አይደለም። የሉዊቪል ከተማ ያለችበት ጄፈርሰን ካውንቲ፣ ኬንታኪ፣ በ2000 ከክትትል ተለቀቀ። ቦርዱ ግን ልጆቹን አቀላቅሎ ማስተማሩን ወዶት በራሱ ፈቃድ ቀጠለ። በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ሆኖ ከለከለው። ከሱ ጋር አብሮ የተወሰነበት ሌላው ወረዳ ሲያትል ነው፤ እሱም ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩበት ከተማ። ምክንያቱ፣ ቦርዱ እያንዳንዱን ልጅ በዘሩ እያየ መመደብ አይችልም የሚል ነው። እስቲ አስቡት፤ መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ ዘርን አይቶ ማቀላቀል የፍርድ ቤት ግዴታ ነው፤ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ያው ሥራ፣ በዚያው ቦርድ፣ ለእነዚያው ልጆች ሲሠራ ሕገ ወጥ ሆነ። የመዝገብ መዘጋት የወረቀት ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ተረስተው ክፍት የቀሩም አሉ። በሉዊዚያና ፕላክሚንስ የምትባል ወረዳ በ1966 የተከፈተባት ጉዳይ ነበረ። ጉዳዩን የያዙት ዳኛ በ1975 ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ማንም አልነካውም፤ ሰነዱም የጠፋ ይመስላል ተባለ። በ2025 ኤፕሪል የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከግዛቱ ጋር ተስማምቶ አዘጋው፤ ሌሎችም እንደሚከተሉ አስታወቀ። በጊዜው እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ያለባቸው ከመቶ በላይ ወረዳዎች ነበሩ። አንዳንዱ መዝገብ ማን እንዳስነሳው የማይታወቅ፣ ለምን እንደሚሠራ የማይታወቅ አሮጌ ሰርቨር ሆኗል። እንደዚያ ዓይነቱን ሰርቨር መንቀል ያጓጓል። ጠንቃቃ ሰው ግን ከመንቀሉ በፊት አንድ ነገር ያያል፤ በሱ ላይ የተንጠለጠለ ሰው አለ ወይስ የለም?

*

አሁን ወደ እኛ ሰዎች። ክላርክስተን ውስጥ በ1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ የአፓርታማ ግቢዎች አሉ። ነባሮቹ ነዋሪዎች እየለቀቁ ሲሄዱ ቤቶቹ ባዶ ሆኑ፤ ኪራዩ ወረደ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስደተኞችን የሚያሰፍሩ ድርጅቶች ቦታውን መረጡት፤ ቤት አለ፣ ርካሽ ነው፣ ወደ አትላንታ የሚወስድ መጓጓዣ አለ። ቬትናሞች፣ ሶማሌዎች፣ ቦስኒያዎች፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ገቡ። ፍርድ ቤቱ «የግል ምርጫ» ብሎ የተወው የሕዝብ ንቅናቄ ባዶ ያስቀረው ቤት ውስጥ ነው የእኛ ሰው ሻንጣውን ያወረደው። ታሪኩን ማንም አልነገረውም፤ የተነገረው ኪራዩን ነው።

የአክስቴን ልጅ በስልክ ስጠይቃት ነገሩን ከእኔ በተሻለ አሳጠረችው። «እታለም፣ እዚያ ሰሜኑ በኩል ያሉት ትምህርት ቤቶች ይሻላሉ ይላሉ፤ ለምን አትቀይሩም?» አልኳት። ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ እዚህ ማንም አይከለክልህም እኮ። ኪራዩ ነው የሚከለክልህ።»

ይህን ስትለኝ እኔ ሥራዬ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ለአንድ የአሜሪካ ደንበኛ የሚከራይ ቤት መፈለጊያ አፕ ከሚሠሩት አንዱ ነበርኩ። ካርታው ላይ ለእያንዳንዱ ቤት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነጥብ ከ1 እስከ 10 ይወጣል። የኔ ድርሻ ማጣሪያው ነበር፤ ተጠቃሚው በጣቱ ወደ ቀኝ ሲገፋው፣ ከመረጠው ነጥብ በታች ያሉት ቤቶች ከካርታው ይጠፋሉ። ነጥቡ በአብዛኛው ከፈተና ውጤት የተሠራ ነው፤ የፈተና ውጤት ደግሞ የወላጅን ገቢ ተከትሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ለሙከራ ዲካልብን ከፍቼ ማጣሪያውን 8 ላይ አቆምኩት። ደቡቡ ነጣ። ሰሜኑ ላይ ነጠብጣቦቹ ቀሩ። በ1986 ለዳኛው የቀረበው ስዕልና ስልኬ ላይ የማየው ስዕል አንድ ዓይነት ነበር።

ኮዱ ውስጥ ዘር የሚል ቃል የለም። አፑን የሚጠቀመው እናትም አባትም ለልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው የሚፈልገው፤ ይህን የሚወቅስ ወላጅ የለም። ግን ሺህ ሰው ማጣሪያውን በአንድ አቅጣጫ ሲገፋ፣ የሰሜኑ ቤት ይወደዳል፣ የደቡቡ ይረክሳል። የተወደደበት ሰፈር ገቢው ከፍ ያለውን ወላጅ ይሰበስባል፤ የፈተናው ውጤት ገቢውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ነጥቡ ከፍ ይላል፤ ማጣሪያው እንደገና ይገፋል። ዑደቱን የጀመሩት የድሮ ሕጎች ናቸው፤ አሁን ግን ያለ ሕግ ይሽከረከራል። «ማን ለያያቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጣት የሚቀሰርበት ሰው አታገኙም። ፍርድ ቤቱ ያቆመው ያለ ትእዛዝ መሄድ የማይችለውን መለያየት ነው። ያለ ትእዛዝ መሄድ የለመደው አሁንም ይሄዳል።

*

«ይኼ የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚል አይጠፋም። እኛም በአዋጅ የተለየ ትምህርት ቤት አይተናል። ፋሺስት ጣሊያን በ1936 ጁላይ 24 ባወጣው አዋጅ በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት እንዲኖር አደረገ፤ አንዱ ለጣሊያኖች፣ አንዱ «ተገዢ» ለሚላቸው። አዲስ አበባ ያለው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ስሙ ተለውጦ ለአውሮፓውያን ልጆች ብቻ ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ አዋጁም አብሮት ወጣ። ክትትል የሚያደርግ ችሎት አላስፈለገንም፤ የለያየን ሰው ልጆቹን ይዞ ሄዷል። አሜሪካኖቹ የከበዳቸው የለየውም የተለየውም እዚያው፣ ጎን ለጎን፣ መቅረታቸው ነው።

ዛሬ ግን እኛ ጋ ያለው አዋጅ የሌለው ዓይነት ነው። ተራራው ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጉማራ ከሱ ተነስተው ጣና ይገባሉ። በጉና ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ግድግዳው እንጨትና ጭቃ የሆነ፣ አንዳንዱም ዳስ የሆነ ክፍል ውስጥ የሚማር ልጅ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደብረ ታቦር ወርዶ ከሦስት ከአራት ሆኖ ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሳምንት እንጀራውን በስንቅ ቋጥሮ፣ ተሸክሞ በእግሩ ይገባል። እሱ በሚገባበት ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ዳር፣ የከተማው ልጅ ከአስጠኚው ጋር ተቀምጧል። አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በዓመቱ መጨረሻ ለሦስቱም የሚቀርበው ግን አንድ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁላችንም በቁጥሩ ደነገጥን፤ የ3.3ቱ ልጆች አድራሻ ግን ብዙም አላነጋገረም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው ተዘግቶ ከርሟል፤ ገንዘብ ያለው ልጁን ወደ ሌላ ከተማ አውጥቷል።

ይህን ማንም አላዘዘም። የጉና ልጅ ከባሕር ዳር ልጅ ጋር እንዳይማር የሚል ሕግ የለም። እንዲያውም ሕጉ ተቃራኒውን ነው የሚለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ዜጎች በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 37 ደግሞ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በቡድን ሆነው፣ ወይም አንዱ ስለ ሌሎቹ ሆኖ፣ ፍርድ ቤት መቅረብ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። የዲካልብ ወላጆች በ1968 ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወረቀቱ እኛም ጋ አለ።

ወረቀት ብቻውን ትምህርት ቤት እንደማይሠራ ብራውን ራሱ አሳይቷል። ያም ሆኖ፣ ከዲካልብ 27 ዓመት አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብትሉኝ አውቶቡሱን አልወስድም፤ ቆጠራውን ነው የምወስደው። ክትትሉ ባለበት ዘመን ቦርዱ ስንት ልጅ የት እንደሚማር፣ ልምድ ያለው መምህር የት እንዳለ፣ ለአንድ ልጅ ስንት ብር እንደወጣ ለሚጠይቀው ዳኛ በዝርዝር መመለስ ነበረበት። በ1988 ዳኛው «መምህራኑ ላይ አልጨረሳችሁም» ለማለት የቻሉት ቁጥሩ ፊታቸው ስለነበረ ነው። ቁጥር የሌለው በደል «እንዲህ ነው ይባላል» ሆኖ ይቀራል።

እኛ ጋ መምህር የት እንዳለ፣ ላቦራቶሪው ዕቃ ይኑረው አይኑረው፣ ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በቅጽ ይሞላል። ያ ቅጽ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወደ ጎን፣ ወደ ወላጅ አይሄድም። የጉና እናት የልጇን ትምህርት ቤት ከከተማው ጋር አስተያይታ የምታይበት ሰሌዳ የላትም። ለአትላንታ ተከራይ በሁለት ሳምንት የሠራነውን ማጣሪያ ለሷ መሥራት የሚከብድ ነገር አይደለም፤ ቴክኖሎጂው ያው ነው። አቅጣጫው ብቻ ይለያል፤ የአትላንታው ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸውን ትምህርት ቤቶች ከካርታው ያጠፋል፣ የሷ ደግሞ እነሱን ከፊት ማምጣት አለበት።

ዲካልብ ላይ «መዝገቡ ተዘግቷል» ሲባል ቢያንስ የተዘጋ መዝገብ ነበረ። ውስጡ የልጆች ቁጥር፣ የመምህራን ስም ዝርዝር፣ የወላጆች አቤቱታ አለ፤ ይኸው እኔም ከአሥራ ምናምን ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት አነበብኩት። የጉና ልጅ መዝገብ ግን ገና አልተከፈተም። ሰኞ ጠዋት ደብረ ታቦር ክፍሉ ገብቶ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል፤ ከዚያች የስም መጥሪያ ወረቀት ውጭ እሱን የሚቆጥር የለም።